የአራተኛዋ ድርሻ

«ሽመላዬ ነጯ፣ ከቦዩ ዳር ቆመሽ፣
ሩዙ ሳይታጨድ ወዴት ነው የሄድሽ፣
ጥላሽን ጥለሽው ውሃው ላይ ተኝቷል፣
ም… ም… ም… ም…»

አራተኛው መስመር ጠፍቶበታል። ኮስዋራ መሪ በጨበጠ ቁጥር ይህችን ዜማ ማንጎራጎር ከጀመረ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉም አራተኛው መስመር ላይ ሲደርስ በአፍንጫው ያልፈዋል። ዘፈኑ የሚስቱ የኢሮህ ነው። ድሮ ሚኒባስ ሲነዳ፣ ከሩዝ አጨዳ የሚመለሱ ሴቶች ጭኖ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ቀጭን ድምፅ ይህን ስታዜም ሰማና በስፖኪዮ አያታለሁ ሲል መንገድ የሚያቋርጥ የዳክዬ መንጋ ሊጨፈልቅ ለጥቂት ተረፈ። «ሾፌር፣ ወደ ፊት ተመልከት! ዘፈን የሚሰማው በጆሮ ነው» አለችው። በዚያው ዓመት አገባት።

ዛሬ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ የኮስዋራ መኪና ከኋላዋ በሣጥን የታሸገ አንድ ማሰሮ ብቻ ጭና ከማምረቻው ግቢ ወጣች። ማሰሮው የሕፃን ወተት ጣሳ ቢያክል ነው፤ ግን እርሳስ ከሚባለው ከባድ ብረት የተሠራ ስለሆነ ክብደቱ ሠላሳ ኪሎ ነው። በሆዱ ውስጥ አውራ ጣት የምታህል ብልቃጥ አለች፤ በብልቃጧ ውስጥ ውሃ የሚመስል ስኳር። ይህ ስኳር ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ባደረው ትልቅ ማሽን ጨረር ተጭኖበታል። በሽተኛው ደም ሥር ሲገባ ካንሰር ወዳለበት ይሮጣል፣ ካንሰር ስኳር ይወዳልና፤ ማሰሮው የሚሄድበት የባንዱንግ ከተማ ሆስፒታል መሣሪያም የተሰበሰበበትን ቦታ እንደ ፋኖስ ያየዋል።

ክፋቱ፣ ስኳሩ አይቆይም። መቶ አሥር ደቂቃ ባለፈ ቁጥር ግማሹ ኃይሉ ይጠፋል። ቢሮጡም ይጠፋል፣ ቢቆሙም ይጠፋል። ለዚህ ነው ከውጭ አገር አስመጥተው መጋዘን የማያስቀምጡት፤ ለዚህ ነው ኮስዋራ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ለሻይ ያልቆመው። በሽተኞቹ ከምሽት ጀምሮ ጾመው ነው የሚጠብቁት። «እዚያ ሰው ርቦት ተቀምጦ እኔ መንገድ ላይ አፌን አላንቀሳቅስም» ይላል፤ ማሰሮውን ሳያስረክብ እህል ቀምሶ አያውቅም።

ዛሬ አራት በሽተኞች አሉ። አራተኛዋ ኢሮህ ናት።

ጡቷ ተቆርጦ ከተሰፋ ወዲህ ሳሏ አልቆመም። ሐኪሙ በሽታው ተሰራጭቶ እንደሆነ ይህ ምርመራ ካልነገረው የትኛውን መድኃኒት እንደሚሰጣት አያውቅም። ተራዋን ሦስት ወር ጠብቃለች፤ ዛሬ ካለፈ ቀጣዩ ተራ ሌላ ሦስት ወር ነው። የመጨረሻው በሽተኛ ደግሞ ምንጊዜም የሚወጋው የተረፈውን ነው፤ መንገድ ላይ የባከነች ደቂቃ ሁሉ የምትቀነሰው ከአራተኛው ድርሻ ነው። ይህን ኮስዋራ ከማንም በላይ ያውቃል። ትናንት ማታ ወደ ሆስፒታሉ በአውቶቡስ ሲሸኛት፣ ሁለት ሹራብና የእሱን ጃኬት ደርባ፣ የምግብ ቋጠሮዋን አቅፋ፣ «ካንግ» አለችው፤ ባሏን የምትጠራው እንዲህ ነው፣ ወንድም ጋሼ እንደማለት። «ካንግ፣ ነገ ደግሞ ወደ ፊት ተመልከት።»

*

ፈጣኑ መንገድ ተዘጋ። ካራዋንግ ከተማ ሳይደርስ ብረት የጫነ ተሳቢ ተገልብጦ ሦስቱንም መስመር ይዞ ነበር። ኮስዋራ ጥሩንባውን እያስጮኸ በጠርዝ ሾልኮ ወጣና በሩዝ ማሳው መሃል ወደሚያልፈው አሮጌው የቦይ መንገድ ገባ። በግራ ውሃ፣ በቀኝ ማሳ፤ ጭጋጉ ከሩዙ አናት ላይ ገና አልተነሣም፤ ሁለት ነጫጭ ሽመላዎች አንድ እግራቸውን አጥፈው ቆመዋል። ዘፈኑን ጀመረ። ሦስተኛው መስመር ላይ ነበር መንገዱን የዘጋውን የሙዝ ግንድ ያየው።

ግንዱ ከተቆረጠበት ውሃ ይንጠባጠባል። አሁን ነው የተቆረጠው። ነገሩ ገባው፤ ግን ማርሹን ወደ ኋላ ሳያስገባ ሁለት ሞተሮች ከኋላው ደረሱ።

የጎኑ መስታወት ፊቱ ላይ ተበተነ። በተሰበረው መስኮት ረጅም ማጭድ ገባ። ኮስዋራ ፊቱን ሊከልል ቀኝ እጁን ቢያነሣ ስለቱ ከክንዱ እስከ አንጓው እንደ ዓሣ ሸነተረው። መጀመሪያ ያየው ነጭ ነገር ነበር፤ ደሙ ቆይቶ መጣ።

«ውረድ አንተ ሽማግሌ!»

በጸጉሩ ጎትተው አወረዱት። ሦስት ናቸው። አንደኛው አስፋልት ላይ ጥሎ በጉልበቱ አንገቱን ተጫነው። ሁለተኛው ኪሱን በረበረ። ሦስተኛው፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ የፋብሪካ ሸሚዝ የለበሰ አጭር ሰው፣ የኋላውን በር በርግዶ የማሰሮውን ሣጥን ሊያነሣ ቢሞክር ወገቡ ተንቋቋ።

«እናቴን! ኑ እስኪ ያዙት!»

«ምንድነው?»

«ወርቅ ነው እንጂ! ሌላ ምን እንዲህ ይከብዳል?»

«ወርቅ አይደለም» አለ ኮስዋራ፣ ከንፈሩ አስፋልቱ ላይ ተጣብቆ። «መድኃኒት ነው። ሰው እየጠበቀው ነው። ስልኬን ውሰዱ፣ መኪናውንም ውሰዱ፣ እሱን ብቻ ተዉልኝ።»

ይህን ማለት አልነበረበትም። መኪናውን ውሰዱ ብሎ ሣጥኑን የሚለምን ሰው ያዩት ሌቦች ከዚያ በኋላ ዓለም ቢገለበጥ ሣጥኑን አይለቁም። ጥርሱን በጫማ መቱት። ሣጥኑን ለሁለት ተሸክመው ባለ ፋብሪካ ሸሚዙ ሞተር ላይ ጫኑና በገመድ አሰሩት። ሰውየው ሞተሩን አስነሥቶ የሙዙን ግንድ ዞሮ በጭቃው ጠርዝ ሊያልፍ ሲል፣ ሠላሳው ኪሎ ወደ አንድ ጎን ሳበው፤ ሞተሩ ከነሰውየው ተገለበጠ። የጭስ ማውጫው ቱቦ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ዐረፈ። ሥጋ ሲጠበስ ሸተተ። ጩኸቱ ሽመላዎቹን አስነሣቸው።

ጓደኞቹ አንድ ጊዜ አዩት፣ አንድ ጊዜ መንገዱን አዩ። ከዚያም በቀረው ሞተር ተፈናጠው ጠፉ።

ኮስዋራ ተነሣ። አፉ ደም ሞልቷል። በዚያ አገር ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ቃል አለ፤ ሕፃን እንኳ ለጨዋታ እንዳይጠራው ይቆነጠጣል። ማሳ ውስጥ የተጠራ እንደሆነ ምን እንደሚያመጣ ኮስዋራ ያውቃል፤ በወጣትነቱ አንድ ጊዜ አይቶ ሦስት ቀን እህል አስጠልቶታል። ግን የኢሮህ ሣጥን ጭቃ ውስጥ ተኝቷል፣ ሰዓቱ ይሄዳል፣ ክንዱ ተከፍቷል። ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ፦

«ሌባ! ሌባ! ሌባ!»

*

መጀመሪያ አንድ የቀርከሃ ደወል ከሩቅ መለሰለት፤ ቶሎ ቶሎ፣ ሳያቋርጥ፣ ልብ እንደሚመታ። ከዚያ ሁለተኛው መንደር ተቀበለው። ከዚያ ሦስተኛው። ጭጋጉ ውስጥ የነበሩት የሩዝ ማሳዎች ሁሉ በአንዴ ማንኳኳት የጀመሩ መሰለ። ሰዎች ከየጥሻው ወጡ፤ መኮትኮቻ የያዘ፣ የቀርከሃ ዱላ የያዘ፣ ከአልጋው ተነሥቶ ሽርጡን በአንድ እጁ እንደያዘ የመጣ።

ከሁሉም ፊት ማንግ ኦያ ነበር። ዳክዬ ጠባቂ ነው፤ ማንግ ማለት ጎልማሳ ሁሉ የሚጠራበት ነው፣ አጎቴ እንደማለት። ባለፈው ወር ሞተሩን በዚሁ መንገድ ላይ ወስደውበት፣ ሊያስጥል የሞከረው የእህቱ ልጅ ሦስት ጣቱን በማጭድ አጥቷል።

«የታል?» አለ።

ኮስዋራ በደህና እጁ አሳየው። ሰውየው ከሞተሩ ሥር እግሩን መንጭቆ አውጥቶ በእንብርክኩ ወደ ቦዩ ሊንሸራተት ነበር። በእግሩ ጎትተው አወጡት። እዚህ ላይ ኮስዋራ ለማንም ያልተናገረው ነገር አለ። የመጀመሪያው እርግጫ የእሱ ነበር። ማንም ሳይነካው ሮጦ ሄዶ የሰውየውን ፊት በጫማው ረገጠው፤ ከጫማው ሥር አፍንጫ ሲሰበር ተሰማው፤ ደስ አለው። እንደገና ረገጠው። ከዚያ በኋላ ለእሱ ቦታ አልቀረም፣ ሰው ሸፈነው።

የዱላ ድምፅ ሥጋ ላይ ሲያርፍ እንደ ልብስ አጠባ ነው፤ እርጥብና ሰነፍ። ሰውየው መጀመሪያ ጮኸ፤ ቀጥሎ እናቱን ጠራ፤ ቀጥሎ ዝም አለ። ዝምታው ይበልጥ አናደዳቸው።

«አሁንም ያስመስላል!»

«ጣቱን! ጣቱን ርገጠው፣ እንደ እህቴ ልጅ ጣት!» አለ ማንግ ኦያ።

«ቀስ በሉ እንጂ፣ ለእኔም አስተርፉልኝ፣ ከማዶ ድረስ ሮጬ ነው የመጣሁት!» አለ አንዱ፤ ሌሎቹ ሳቁ።

ሁለት ሰዎች ሣጥኑን ከጭቃው አውጥተው መኪናው ላይ መለሱለት። አንዲት ሴት ከራሷ ላይ ሻሽ ፈትታ ክንዱን ጠፍንጋ አሰረችው። «ሂዱ ማንግ» አለችው፣ «ሆስፒታል ሂዱ፣ ደምዎ አልቋል። የእሱን ነገር ለእኛ ተዉት።» የሙዙንም ግንድ ጎትተው መንገዱን ከፈቱለት።

ሰዓቱን አየ። ሃያ ስድስት ደቂቃ ባክኗል። በግራ እጁ ማርሽ አስገባ፣ ቀኙን መሪው ላይ አስደገፈው፣ ሄደ። ሃምሳ ሜትር ያህል ነዳ። ከመቀመጫው አጠገብ የጨረር መለኪያዋ እንደ ፌንጣ ትላለች፤ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ። ማሰሮው አልፈሰሰም። በሰዓቱ እደርሳለሁ፣ አለ በልቡ፤ ትንሽ ብነዳው ለአራተኛዋም ይበቃል።

ወደ ፊት ተመልከት ብላዋለች። እሱ ግን ስፖኪዮውን አየ።

ማንግ ኦያ ከመንገድ ዳሯ ሱቅ ይመለሳል። በጠርሙስ እየተሞላ ለሞተረኛ የሚሸጠውን ቤንዚን በሁለት እጁ ይዟል፤ ሁለት ጠርሙስ። ሰዎቹ ክብ ሠርተው እየሰፉለት ነው።

ኮስዋራ ፍሬን ያዘ። «አያገባኝም» አለ ጮክ ብሎ፣ ባዶው መኪና ውስጥ። «ክንዴን ነው የበጠሰው። ያድርጉት። ኢሮህ ትጠብቀኛለች።» መለኪያዋ ቲክ ትላለች። በሽታዋ የሚታወቅበት ስኳር ከኋላው ይጠፋል፤ ስፖኪዮው ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ሊጠፋ ነው፤ ያንን የጠራው እሱ ነው። ሌባ ብሎ የጮኸው የእሱ አፍ ነው። መጀመሪያ የረገጠው የእሱ ጫማ ነው።

ማርሹን ወደ ኋላ አስገባ።

*

ሲደርስ ሰውየው ረጥቦ ነበር። የቤንዚኑ ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ማንግ ኦያ ክብሪቱን አውጥቶ እርጥብ እጁን ሽርጡ ላይ ይጠርጋል። ኮስዋራ የኋላውን በር ከፍቶ ማሰሮውን ከሣጥኑ በሁለት ክንዱ አቅፎ አወጣው፤ ስፌት የሌለው ቁስሉ ሻሹን አልፎ ሲተረተር ተሰማው። ክቡን በትከሻው ሰንጥቆ ገባ፤ ሰውየውን በሁለት እግሩ መሃል አድርጎ ቆመ።

«ይህን ምልክት ታውቁታላችሁ?» አለ። ማሰሮው ላይ በቢጫ መደብ ጥቁር ባለ ሦስት ክንፍ ምልክት አለ። «ጨረር ነው። አቶም ነው። ይህን ክዳን ከፈትኩት ማለት እዚህ የቆመ ወንድ ሁሉ ከእንግዲህ አይወልድም!»

ውሸት ነበር።

«እኔ ሰባት አሉኝ፣ ክፈተው!» አለ ከኋላ አንዱ። ጥቂቶች ሳቁ፤ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው ነው የሳቁት።

ኮስዋራ ማሰሮውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ የክዳኑን መቆለፊያ አዞረው፤ ቀጭ አለ። ከመቀመጫው አንሥቶ ደረት ኪሱ ላይ የሰካትን መለኪያ ድምጿን እስከ መጨረሻ ከፍ አደረጋት። ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ። ሴቲቱ፣ ሻሿን የሰጠችው፣ ባሏን በቀበቶው ይዛ ጎተተችው። አንዱ ሲሮጥ ሌላው ሮጠ፤ መኮትኮቻ መንገድ ላይ ተጣለ። ክቡ ፈረሰ።

ማንግ ኦያ ብቻ ቀረ።

«አታታልለኝም» አለ። «የምትከፍተው ቢሆን መጀመሪያ የምትሞተው አንተ ነህ። ከእሱ ላይ ውረድ።»

«አልወርድም።»

«ክንድህን እያየህ?»

«እያየሁ።»

«የእህቴን ልጅ እጅ ብታየው እንዲህ አትቆምም ነበር» አለና በዳክዬ መጠበቂያው በረጅሙ ቀርከሃ ጎድኑን አለው። የሆነ ነገር ውስጡ ተሰበረ። ዳግመኛ አለው። ኮስዋራ ወደ ፊት ወደቀ፣ ሲወድቅም ማሰሮውን ለቀቀው፤ ሠላሳ ኪሎ እርሳስ በማንግ ኦያ ባዶ እግር ላይ ዐረፈ። እንደ ደረቅ ቅርንጫፍ ተሰማ። ሰውየው አፉን ከፈተ፣ ድምፁ ግን ቶሎ አልወጣም፤ ክብሪቱ ቦዩ ውስጥ ተበተነ። እግሩን አቅፎ መሬት ላይ ሲንከባለል፣ የመጣው ጩኸት የቁጡ ሰው ሳይሆን የልጅ ነበር፣ የሐዘንተኛ።

«ይቅር በሉኝ» አለ ኮስዋራ። ለማን እንደሆነ አያውቅም።

ማሰሮውን በእንብርክኩ አንከባሎ፣ ሌባውን በብብቱ ጎትቶ ሁለቱንም ጫናቸው። ያንን እንዴት እንዳደረገው ራሱም አያውቅም። ማሰሮ የጫነ መኪና መንገደኛ አይጭንም፤ የሥራው አንደኛ ደንብ ነው። ሰዓቱ ሌላ ሠላሳ ስድስት ደቂቃ በልቷል።

*

ወደ ባንዱንግ የሚያወጣውን ተራራ ሲወጡ ሌባው አንድ ዓይኑን ከፈተ። ሌላው አይከፈትም። ጁሃና እባላለሁ አለ፣ ሳይጠየቅ፣ ስሙ እንዳይጠፋ የፈራ ይመስል።

«ማንግ… የት እየወሰዱኝ ነው?»

«ዝም በል። ደም ያስተፋሃል።»

«ፖሊስ ጋ ነው?»

«ሆስፒታል። ከዚያ በኋላ ፖሊስ ጋ። ከዚያ በኋላ የፈለጉበት።»

መኪናው ቤንዚንና ደም ይሸታል። ኮስዋራን በየመታጠፊያው ጎድኑ ይወጋዋል፤ በየደቂቃው ሰዓቱን ያያል፤ ማሰሮው ሲወድቅ ብልቃጧ ተሰብራ እንደሆነ መለኪያዋ አትነግረውም። እርሳስ ውስጥ የተሰበረ ነገር ድምፅ የለውም።

«ማንግ» አለ ጁሃና ደግሞ። «ምን ነበር ውስጡ?»

«ስኳር።»

ጁሃና አሰበበት። «ስኳር» አለ። ሊስቅ ሲል ጥርሱ አገጩ ላይ ወደቀ። «ለስኳር ነው እንዲህ የሆንነው?»

«ለሚስቴ ስኳር ነው» አለ ኮስዋራ። «አራተኛ ናት። ስላንተ ስዘገይ ከእሷ ነው የሚጎድለው። ይኸውልህ የሰረቅከው።»

የጁሃና የሚከፈተው ዓይን እስከ ባንዱንግ ድረስ አልተከደነም፤ ከማሰሮው ላይም አልተነቀለም።

*

ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ደረሱ። ከቀጠሮው ሰማንያ ደቂቃ ዘግይተው። የሆስፒታሉ የፊዚክስ ባለሙያ ቡ ሄርሊና፣ ቡ ማለት ወይዘሮ እንደማለት ነው፣ በሩ ላይ ነበረች።

«ማንግ ኮስ! ይህ ሁሉ ደም የማን ነው?»

«ግማሹ የእኔ ነው፣ ቡ። ግማሹን ድንገተኛ ክፍል አስገቡት፣ መኪናው ውስጥ ነው።»

«ከማሰሮው ጋር ሰው ጭነው ነው የመጡት?»

«አዎ።»

«ልጽፈው ግድ ነው።»

«ይጻፉት። መጀመሪያ ማሰሮውን ይክፈቱት።»

ብልቃጧ ሳትሰበር ተገኘች። ቡ ሄርሊና በወፍራሙ መስታወት ጀርባ ለካችው፤ ወረቀት ላይ አካፈለች፣ ደግማ አካፈለች። ስትወጣ ፊቷን ያየ ሰው መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር።

«ለሦስት ሰው ይበቃል» አለች።

ኮስዋራ ግድግዳውን ይዞ ቆመ። ነርሷ ወንበር አመጣችለት፤ አልተቀመጠም። በመጠበቂያው ክፍል ሦስት ሰዎችና ኢሮህ ተደርድረዋል። ኢሮህ ክንዱንና አፉን አየች፤ ልትነሣ ስትል በእጁ ከለከላት። የሰማች መሰለው፤ ፈገግ አለች፣ እንደ ሰው ቤት እንግዳ፣ አላስቸግርም እንደሚል እንግዳ።

ቡ ሄርሊና ወረቀቱን አሁንም አልለቀቀችም። «መጠኑ በኪሎ ነው የሚታሰበው» አለች ለራሷ። «እዚህ ሃምሳ ሁለት ኪሎ ይላል። ይህን ማን ሞላው?»

«እኔ» አለ ኮስዋራ። «የነገረችኝን ነው።»

«መቼ?»

«ቀጠሮ ስንይዝ። ከሦስት ወር በፊት።»

ቡ ሄርሊና ኢሮህን ወደ ሚዛኑ ጠራቻት። ኢሮህ ከነልብሷ ልትወጣ ስትል፣ «አይሆንም እናቴ፣ የደረቡትን ሁሉ ያውልቁ» አለቻት።

ኢሮህ ባሏን አየችው። «ካንግ፣ አንተ ውጣ።»

አልወጣም። ጃኬቱን አወለቀች። የመጀመሪያውን ሹራብ አወለቀች። ሁለተኛውን አወለቀች። በእያንዳንዱ ልብስ አንድ ሰው ከውስጧ የሚወጣ ይመስል ነበር፤ መጨረሻ ላይ ሚዛኑ ላይ የወጣችው ክንዷ እንደ ሽመላ እግር የሆነ፣ የማያውቃት ሴት ናት። ስንት ወር ሙሉ ብርድ ብርድ ይለኛል እያለች ተከናንባ ስትተኛ አምኗታል። ዕለቱን ሙሉ በማጭድ፣ በጫማ፣ በቀርከሃ ተመትቷል፤ እንደዚህ የመታው ግን አልነበረም።

«ሠላሳ ሰባት» አለች ነርሷ።

ቡ ሄርሊና አካፈለች። ሁለተኛ ጊዜ አካፈለች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«መጀመሪያ እሷን እንወጋለን ብንል ሌሎቹ ይጎድላቸዋል፤ በተራዋ ትሁን» አለች። «ግን ለሠላሳ ሰባት ኪሎ… ይበቃታል። ለጥቂት፣ ግን ይበቃታል።»

ኮስዋራ ደስ ይበለው አይበለው አላወቀም። በቆመበት አለቀሰ። ከተጠባባቂዎቹ አንዱ፣ ሆዱ የሰፋ ነጋዴ፣ «እኔንማ ቢመዝኑኝ ማሰሮውንም ጭምር ነው የምጨርሰው» አለ፤ ኢሮህ ሳቀችለት፣ የሚያሳዝን ሳቅ።

ስትወጋ በመስታወት አያት። የተወጋ ሰው አንድ ሰዓት ያህል አይናገርም፣ አያኝክም፣ አያለቅስም፤ ስኳሩ የሚሠራውን ጡንቻ ይከተላልና፣ ጉሮሮ ከሠራ ጉሮሮ ውስጥ ይቀራል። ዝም ብላ ጣራ ስታይ ተኛች። ለእሱም በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ክንዱን ሃያ ዘጠኝ ቦታ ሰፉለት። ከመጋረጃው ማዶ ጁሃና ተኝቶ ነበር፤ በሕይወት አለ፣ አንድ ዓይኑ ግን አይድንም አሉ። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ኮስዋራ መጋረጃውን ገልጦ ትንሽ ቆመ። መጋረጃውን መለሰው።

*

ስድስት ሰዓት ላይ ኢሮህ ወጣች። ፎቶው ተነሥቷል፤ ንባቡ ሐሙስ ነው። መኪና ማቆሚያው ዳር ካለው ዛፍ ሥር የቋጠረችውን ፈታች፤ በሙዝ ቅጠል የታሰረ ሩዝ፣ በቅጠሉ የተጠበሰ ዓሣ፣ በርበሬ።

«እስከ ማታ ሁለት ሜትር ራቁ ብለውኛል» አለች። «ጨረር አለብኝ አሉ። እዚያ ማዶ ተቀመጥ።»

ኮስዋራ ከደረቱ ላይ በሥራ የሚያገኘውን ጨረር የምትቆጥረውን ባጅ ነቀለ። ወደ መኪናው ሄዶ ስፖኪዮው ላይ ሰቀላት፤ ተመለሰ።

«ባጅህስ?»

«እሷ የሥራ ናት።»

«ሞኝ» አለች። ግን ቅጠሉን ወደ እሱ ሳበችው። ዘፈኑን በአፍንጫው ጀመረ፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ጎድኑ ወጋው፤ አቆመ።

«ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህችን መስመር ትረሳለህ» አለች ኢሮህ፣ ቀና ሳትል ዓሣውን ከአጥንቱ እየለየች፤ ከዚያም በቀጭኗ፣ ሳል በቆራረጣት ድምፅ፦

«ርቦሽ ስትመጪ አብሮሽም ይበላል።»

ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ በግራ አይበላም። ኢሮህ ሩዙን በጣቶቿ ጨበጥ አድርጋ አየችው። ጉልበቱን ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣ እያቃሰተ አጠገቧ ተቀመጠና አፉን ከፈተ።